እህቱ ብቻ

«ኧረ እሷማ እህቱ ብቻ ነበረች እኮ!»

ኤፊ ሞንከር ይህን የሰማችው እሑድ ጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የማርማላታ ጠርሙሶች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ጀርባ ቆማ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ብቅ ብላ ማየት አላስፈለጋትም። በስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ ሰው ሁሉ ገና ከእንቅልፉ ሳይላቀቅ በሙሉ ጉሮሮዋ የምታወራ አይና ሎሪመር ብቻ ናት። አይና የሂልፉት ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናት። በዚያ ቤተክርስቲያን ሴትም ሽማግሌ ትሆናለች፤ አይና ከሆነች ወዲህማ የሌሎቹ ሽማግሌዎች መኖርም ተረስቷል። ለባለሱቋ የምታወራላት ዛሬ ድምፅ ስለሚሰጥበት አዲሱ ቄስ ነበር። «ቄሱስ ደህና ነው፤ እኔን ደስ ያሰኘኝ የቄሱ ባል ነው» ትላለች። «ኬክ ይጋግራል፣ አትክልት ይኮተኩታል። ትናንት የቄሱን ቤት ሳሳየው መጀመሪያ ምን ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? ‹እነዚህን መጋረጃዎች ማውረድ ይቻላል ወይ?› ስንት ዘመን ስንለምነው የኖርነውን! በቃ፣ ያ ቤት ገና አሁን የቤተሰብ ቤት ሊሆን ነው።» ባለሱቋ «ሚስ ሞንከር አልነበረችበትም እንዴ፣ ያን ሁሉ ዓመት?» አለቻት። አይና ያን ቃል የተናገረችው ይኼኔ ነው።

ኤፊ ያነሳችውን ጠርሙስ መልሳ አስቀመጠች። ብቅ ብላ «እዚህ ነኝ» ማለት ትችል ነበር። አይና ደንግጣ ታቅፋታለች፣ «የኔ ቆንጆ፣ በክፉ አይደለም እኮ» ትላታለች፤ ይህ ደግሞ ከንግግሩ ይብሳል። ስለዚህ አይና ተሰናብታ እስክትወጣ ድረስ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እያነበበች ቆየች። ከዚያ አራት ትኩስ ዳቦና ሁለት ቋሊማ ገዛች። ባለፈው ሳምንት አርባ ፔኒ የነበረው ዳቦ ሃምሳ ገብቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ባለሱቋ ከኤፊ አፍ እንዲህ በቀላሉ አታመልጥም ነበር፤ ዛሬ ግን የተጠየቀችውን ከፍላ ወጣች። ባለሱቋም ቀና ብላ ሳታያት መልሷን ሰጠቻት።

ወደ ቤቷ የሚወስደው አቀበት በቄሱ ቤት በኩል ያልፋል። የድንጋይ ቤት ነው፤ ክፍሎቹ ሰፋፊ፣ ጣሪያቸው ሩቅ፣ ለማሞቅ አንድ ደመወዝ የሚጨርሱ። ኤፊና ወንድሟ ቄስ ኒኒያን ሠላሳ ምናምን ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ቤቱን ለቀቁ። ቀጥላ የመጣችው ቄስ የራሷ ቤት ስለነበራት ባዶውን ከረመ፤ መጋረጃዎቹም እንደተሰቀሉ ቀሩ። ወፋፍራም፣ ጥቁር ቡናማ መጋረጃዎች ናቸው፤ ኤፊ አንድ ክረምት ሙሉ በእጇ የሰፋቻቸው። ብርሃን አያስገቡም እያለ ሰው ሁሉ ያማቸው ነበር። ብርሃን እንዲያስገቡ አልተሰፉማ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ኮሊን የሚባል የሙዚቃ አስተማሪ ከፐርዝ እየመጣ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ ነበር፤ የኒኒያን የትምህርት ቤት ጓደኛ ተብሎ። ኤፊ ለሁለቱም ራት ታቀርባለች፣ ሳህኑን ታጥባለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ ከዚያ «ደከመኝ» ብላ በጊዜ ክፍሏ ትገባና በሯን ትዘጋለች። እህት ባለችበት ቤት ማንም ምንም አይጠይቅም። ስለዚህ ነገር ከወንድሟ ጋር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

በሩ ላይ ቆም ብላ አየች። አንድ ሰው መስኮቶቹን ከውጭ ሲለካ የተወው ይሆናል፣ ቢጫ የመለኪያ ጥቅል ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ኤፊ ቀናች። ሌላ ስም የለውም፤ እሷም ሌላ ስም ልታወጣለት አልሞከረችም። እሷ እንደ ሌባ ስትሸፋፍነው የኖረችውን ነገር ይኼ የአዲሱ ቄስ ባል፣ ጋቪን የሚባል ሰውዬ፣ ጣቱ ላይ ቀለበት አድርጎ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶት፣ ኬክ ይዞ ሊገባበት ነው፤ ሰውም «ገና አሁን ቤተሰብ አገኘን» ይለዋል።

ቤቷ ስትደርስ ኒኒያን መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። አሁን የሚኖሩበት ፎቅ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድቤት ነው፤ ከቄሱ ቤት የመጣው ትልቁ ቁም ሳጥን ግማሹን ሳሎን ይዞት ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። እሱ ሰባ ስምንት ሞልቶታል፤ እግሮቹ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አልታዘዝ ብለውታል። ከተነሳ ይራመዳል፤ ችግሩ መነሳቱ ላይ ነው። ኤፊ አንድ እጇን ብብቱ ስር ትሰዳለች፣ በሌላው ቀበቶውን ትይዛለች፣ «በል!» ትላለች፤ ይነሳል። ከዚያ «እሺ» ይላል። እሺ የኒኒያን ቃል ናት። ሾርባ ሲቀርብለት እሺ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ ሲሰጠው እሺ። መድረክ ላይ ቃል የማያጥረው ሰው ለእህቱ ሲሆን በዚህች አንዲት ቃል ዕድሜውን ሙሉ ተብቃቅቷል።

ቁርስ ላይ ተቀመጡ። ኤፊ ዳቦውን ሰንጥቃ ቋሊማውን ከተተችለት።

«አይና ሎሪመርን ዳቦ ቤት አገኘኋት» አለችው።

«እሺ።»

«አላየችኝም። ‹እህቱ ብቻ ነበረች› ስትል ሰማኋት።»

ኒኒያን ማላመጡን አቆመ። ከዚያ «ሰናፍጩን ታቀብይኛለሽ?» አለ።

አቀበለችው። እሷም ኮሊን የሞተ ጊዜ ትዝ አላት። ኒኒያን ፐርዝ ለቀብሩ ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ፤ የሟች ዘመዶች ከፊት ነበሩ። ማታ ተመልሶ ሾርባውን ጠጣ፣ «እሺ» አለ፣ ተኛ። ኤፊ ያን ሌሊት ሲያለቅስ በግድግዳው በኩል ስትሰማው አድራ ጠዋት እንቁላሉን እንደ ሌላው ቀን ጠበሰችለት። እንዲያ ነበር ኑሯቸው። አሁን ግን የዳቦ ቤቱን ቃል እንዲያ ማለፍ አልቻለችም።

«ዛሬ ድምፅ ሲሰጥ አልቆምላቸውም፤ እወቀው» አለች።

«የመሰለሽን አድርጊ።»

«አንተስ?»

«እኔ እኮ ብቻዬን መቆም አልችልም፣ ኤፊ።» እንደ ቀልድ ነበር ያለው፤ ግን አልሳቀም።

«እንዲህ ቀላል ከነበረ፣» አለች ኤፊ ሳህኑን ከፊቱ እያነሳች፣ «እንዲህ ቆሞ በማጨብጨብ የሚያልቅ ነገር ከነበረ፣ እኔ ለምን መጣሁ?»

የመጣችው ኮሚቴው ስለጠየቀ ነው። ኒኒያን ለሂልፉት የታጨ ጊዜ «ሚስት የለዎትም፤ ቤቱን የምትይዝ ሴት አለች?» አሉት። እሱ ደወለላት። ኤፊ ያኔ ከአንድ የመርከብ መካኒክ ጋር ቀለበት ልታስር ነበር፤ አሌክ ይባላል፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው። «ወንድሜ እስኪደላደል ነው፣ ቢበዛ ስድስት ወር» አለችው። አሌክ ሁለት ዓመት ጠበቀና አበርዲን ሄዶ አገባ። ያኔ ኤፊ የማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም፤ የቤተክርስቲያኑ ባዛር ደርሶ ነበር። ዛሬ ሳህኑን ስታጥብ ግን ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጣት።

ታክሲው ለሦስት ጎዳና ርቀት ስድስት ፓውንድ አስከፈላቸው። ቤተክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሚስተር ቶሽ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ይጠብቅ ነበር፤ ጠበቃ የነበረ ደረቅ አዛውንት ነው። «ሚስ ሞንከር፣ ከእኛ ጋር ነዎት አይደል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ሰውየውን አልጠላውም። ይምጣ፣ ይዘምር፣ ከእኛ ጋር ይቁረብ። መሪ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ባል ያለው ወንድ እኔን ሊመራኝ ነው? መጽሐፉ እኮ የሚለውን ብሏል።» ጥቅሱን ጠራላት። ከኋላቸው የምትመጣ አንዲት ወጣት እናት «አባባ ቶሽ፣ መጽሐፉ ስለ ሐሜትም ይላል፤ እሱን ገጽ ዘለሉት እንዴ?» ብላ እየሳቀች አለፈች። ኤፊ ወንድሟን ደግፋ ወደ ውስጥ ገባች። ቶሽ ጥቅስ አለው፤ የእሷ ነገር ጥቅስ የለውም።

የሂልፉት ሰዎች ቄሳቸውን ራሳቸው ነው የሚመርጡት። ኮሚቴ አንድ እጩ ፈልጎ ያመጣል፣ እጩው አንድ እሑድ ይሰብክላቸዋል፣ ከዚያ ወጥቶ ጓዳ ይቀመጣል፤ ምእመኑ ድምፅ ይሰጥበታል። ሌላ ጊዜ በወረቀት ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን አይና «ማንም በወረቀት አይደበቅ፤ የወደደም የጠላም ፊት ለፊት ይቁም» ብላ ሽማግሌዎቹን አሳምናለች። ኒኒያን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስሙን እንደ ማንኛውም ምእመን ስላስመዘገበ ድምፅ አለው፤ ኤፊም አላት። የተቀመጡት ከኋላ፣ ከሰገነቱ ስር ነው። የድሮ ቄስ አዲሱ ፊት አይቀመጥም፤ ወግ ነው። የቄሱ ቤተሰብ አግዳሚ ከፊት በግራ በኩል ነው፤ ትራሱን የሰፋችው ኤፊ ናት፤ አንድ ዕድሜ ተቀምጣበታለች። አሁን አይና ጋቪንን ክንዱን ይዛ እስከዚያ ድረስ አጀበችው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ፣ ደህና ፊት ያለው ሰው ነው። ኮቱን አወለቀና ትራሱ ላይ ጣል አደረገው። ኤፊ ተነስታ ልታነሳው ፈለገች።

እጩው ሩአሪ ማክፌይል ስብከቱን ሲጀምር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት እንደሄደ ወረቀቱን አስቀመጠና «እዚህ ጋ ሦስት ገጽ ነበረኝ» አለ። «ባለቤቴ ጋቪን ትናንት ማታ አንብቦ፣ ‹ይኼን ካላወጣህ እኔ ራሴ አልመርጥህም› አለኝ።» ሰዉ ከትከት ብሎ ሳቀ። ጋቪን ጆሮው ድረስ ቀልቶ አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ! ከመድረክ ላይ፣ በስሙ! የኒኒያንን ስብከት በየቅዳሜው ማድቤት ውስጥ ሰዓት ይዛ ስትሰማ፣ «እዚህ ጋ ይረዝማል» ስትል፣ ፊደሉን ስታርም የኖረች ኤፊ ናት። ስሟ ከዚያ መድረክ አንድም እሑድ ተጠርቶ አያውቅም። የኮሊንማ ከቶ አይታሰብም። ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ኒኒያን ወደ ጋቪን ቀይ ማጅራት እያየ ነበር፤ የተራበ ሰው የሰው ማዕድ እንደሚያይ። እሱም ቀንቷል! ይህን ስታይ ልታዝንለት ይገባት ነበር፤ እሷ ግን ባሰባት። እሱ እንኳ ለኮሊን ነው የሚቀናው፤ ለእሷ ማን ይቀናላታል?

መዝሙሩ አልቆ ሩአሪና ጋቪን ወደ ጓዳ ወጡ። ድምፅ ለማስሰጠት ከሌላ ሰበካ የተላኩት ቄስ፣ ወይዘሮ ጊልክሪስት የሚባሉ ቀጭን ሴት፣ ወደ ፊት መጡ። «ቄስ ሩአሪ ማክፌይል የሂልፉት ቄስ እንዲሆን የምትደግፉ ቁሙ» አሉ።

አግዳሚዎቹ ተንቋቁ፤ ሰው ተነሳ። የኒኒያን እጅ ወደ ኤፊ ተዘረጋ። አላያትም፤ ፊት ለፊት እያየ እጁን ብቻ ዘረጋ፣ በየቀኑ እንደሚያደርገው። ኤፊ እጇን ጭኗ ላይ እንዳለ ተወችው። ማንም አይወቅሳትም፤ እግሩ የማይሠራ ሽማግሌ ተቀምጦ ቢቀር ማን ምን ይላል? እጁ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ተመለሰ። ከዚያ ኒኒያን የፊተኛውን አግዳሚ ጀርባ በሁለት እጁ ያዘ። ሊነሳ ሞከረ፤ ጥቂት ብድግ አለና ተመልሶ ዘጭ አለ። ድጋሚ ያዘ። ፊቱ ደም መሰለ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ድጋሚ ወደቀ። ሦስተኛ ሲይዝ ኤፊ ማየት አቃታት። ይኼ ሰው ለማንም፣ ለምንም እንዲህ ሲታገል አይታው አታውቅም፤ ለኮሊንም አልታገለም፣ ለእሷም አልታገለም። ተነሳች። እጇን ብብቱ ስር ሰደደች፣ ቀበቶውን ያዘች፣ ልማድ ሆኖባት ጮክ ብላ «በል!» አለች። ኒኒያን ቆመ።

አይና ጣቷን እየቀሰረች በየአግዳሚው እየቆጠረች መጣች። እነሱ ጋ ስትደርስ ጣቷ አየር ላይ ቆመ።

«ኤፊዬ፣» አለች ለአንዴ እንኳ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «አንቺን ልቁጠርሽ ወይስ ደግፈሽው ነው?»

ከፊት ያሉት ሰዎች ዞሩ። ኤፊ የወንድሟ ክብደት በክንዷ ላይ ነበር። መልሱ አፏ ላይ ሲመጣ ለአይና ብቻ የምትመልስ አልመሰላትም።

«ደግፌው ነው» አለች። «እሱን ቁጠሪ።»

የአይና ጣት ኒኒያንን ነካ፣ እሷን ዘለለ፣ ወደሚቀጥለው አለፈ። ቆጠራው ረዘመ። የኤፊ ክንድ ዛለ፤ እስኪያልቅ ግን አልለቀቀችውም። ከዚያ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፤ እሷም ተቀመጠች። ኒኒያን «እሺ» አላለም።

«የምትቃወሙ ቁሙ» አሉ ወይዘሮ ጊልክሪስት።

ሚስተር ቶሽ ቆመ፣ ሚስቱም ተከተለችው። መሀል ላይ ሦስት ሰዎች ተነሱ። ኤፊ ወደ አግዳሚው ጫፍ ተጠጋች፤ መነሳት ግን አልሆነላትም። ጠዋት «አልቆምላቸውም» ስትል በተቃውሞ መቆም እንዲህ ከባድ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ይኼኔ ክርኗ ስር አንድ ነገር ተሰማት። የኒኒያን እጅ ነው። አቅም የለውም፤ ግን ወደ ላይ ይገፋታል።

«በይ» አላት በሹክሹክታ።

ኤፊ ቆመች። አይና መጣች፤ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ በዚህኛው ጊዜ ሳትጠይቅ ጣቷን ኤፊ ላይ አሳረፈች። «ስድስት» አለች። ኤፊ የቆመችው በሩአሪ ላይ አልነበረም፤ ቀይ ማጅራት ባለው ሰውዬም ላይ አልነበረም፤ የቶሽ ጥቅስም አልነበራትም። ሰው ሁሉ እንዲህ በደስታ የሚያልፍበትን በር እሷ በጀርባዋ ደግፋ ዘግታው ስለኖረች፣ ለዚያ አንድ ሰው ይቆምላት ዘንድ ፈልጋ ነው፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ራሷ ቆመች። ጀርባዋን አቅንታ፣ የወንድሟ እጅ ክርኗን ደግፎ፣ እስኪበቃት ቆመች።

ሰባ አንድ ለስድስት ሆነ። ጭብጨባው ሲያስተጋባ ሁለቱ ሰዎች ከጓዳ ወጡ፤ ሩአሪ ያለቅስ ነበር። ሰው ከቧቸው ሲጨብጥ፣ ሲያቅፍ፣ ጋቪን ቀስ ብሎ ከመሀል ወጥቶ እስከ ኋላ ድረስ መጣ።

«ሚስ ሞንከር ነዎት አይደል? መጋረጃዎቹን የሰፉት እርስዎ መሆንዎን አሁን ነው የሰማሁት። እኔ ደግሞ ትናንት ዝም ብዬ ይውረዱ አልኩ። ስፌታቸው እኮ ልዩ ነው። ቅር የሚልዎት ከሆነ እንዳሉ ይቀመጣሉ።»

«ከስድስቱ አንዷ እኔ ነኝ» አለችው። «ከአይና ከምትሰማው ከእኔው ስማው።»

የጋቪን ጆሮ እንደገና ቀላ። «እሺ… ፊት ለፊት ስለነገሩኝ…» ብሎ ጀመረና መጨረሻው ጠፋው።

«መጋረጃዎቹን ግን አውርዷቸው» አለች ኤፊ። አሁንም ትቀናበት ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ይሰማል። «ለእናንተ ምንም አያደርጉላችሁም።»

ሄደ። ሰውም ወደ ሻዩ አዳራሽ እየተንጋጋ ወጣ፤ ቤተክርስቲያኑ ባዶ ሆነ። ከፊት በግራ በኩል፣ እሷ በሰፋችው ትራስ ላይ፣ የጋቪን ኮት እንደተረሳ ተቀምጧል። ኒኒያን እሱን እያየ ነበር። ኤፊ ታክሲ ልትጠራ ስልኳን ከቦርሳዋ ስታወጣ፣ «ኤፊ» አለ።

«ምን?»

«አመሰግናለሁ።»

ዛሬ ስላነሳችው ይሁን፣ ስለ ነሐሴዎቹ ሁሉ ይሁን፣ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

«እሺ» አለች፤ እጇንም ብብቱ ስር ሰደደች።